ስም ስሸፍን የኖርኩበት ቢሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አቅቶኛል። ሥራ ላይ ሳለሁ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ «ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች» ይባላል፣ በቃ። ባለፈው የማርያም ማኅበር ዕለት ግን አጠገቤ የሚቀመጡት እማሆይ ዘወር ብለው «ለመሆኑ እዚያ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» አሉኝ።

«ስም ስሸፍን።»

«የማንን ስም?»

«የመምህራንን።»

«ምን አጥፍተው?»

«ምንም አላጠፉም። ለምርምር ገንዘብ ሲጠይቁ ማን እንደጠየቀ እንዳይታወቅ ነው።»

እማሆይ የያዙትን ዳቦ ቆርሰው ጨረሱና «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። እሳቸውን ለማስረዳት ይሁን ራሴን ለማስረዳት ግን እስካሁን አልለየሁም።

ትውልዴ ባሌ፣ ጎባ ነው። ወደዚህ አገር ያመጣኝ ባለቤቴ ነው፤ ግሬደር ይነዳ ነበር። ሊማሊሞ ላይ መንገድ ሲሠራ ተመደበና «ለአንድ ዓመት ነው» ብሎ ይዞኝ መጣ። ዓመቱ ተራዘመ። መንገዱ ሳያልቅ እሱ ታመመና ደባርቅ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቀበርኩት። ልጅ አልነበረንም። ዘመዶቼ ሁሉ ተመለሺ አሉኝ። እሱን እዚህ ትቶ መሄዱ ከበደኝ፤ ሰው በሌለኝ አገር መቆየቱም ከበደኝ። በሁለቱ መካከል ቆሜ ሳለሁ ጡረታዬ ደረሰ ብል ውሸት አይሆንም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ደባት፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነበር፤ በታይፒስትነት። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጧፍ ይበቃ ነበር። ደባት ነፋስ አለ፤ ወረቀት ሁሉ ድንጋይ ተጭኖበት ነው የሚቀመጠው። አለቃዬ አቶ ካሳ ደብዳቤ የሚያጽፉኝ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሱ ነበር፤ ዞር ሲሉ ድምፃቸው ይጠፋብኛል፣ ሲመለሱ ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይመጣል። የአካባቢው ሰው ረጋ ያለ ነው። እኔ «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ስጨርስ እነሱ ገና የከብቱን ደኅንነት እየጠየቁ ነው። መጣደፌን ብዙ ሳቁበት፤ እየቆየ እኔም ቀስ አልኩ።

ደባርቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ለምርምር ማስተባበሪያ ቢሮ ሠራተኛ ይፈለጋል ተባለና አመለከትኩ። ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ የቢሮው የመጀመሪያ ኃላፊ አቶ ደመላሽ ናቸው። የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ ቅኔ ቤት ጀምረው ዘመናዊ ትምህርት የገቡ፣ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ። ስለ ታይፕ ፍጥነቴ አልጠየቁኝም።

«እዚህ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«የባልሽ ወገኖችስ?»

«እነሱም እዚያው ባሌ ጎባ ናቸው።»

«ክርስትና ያነሣሽው ልጅ አለ? አበልጅ?»

«የለም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሥራው ያንቺ ነው።»

ሰው በዘመድ ይቀጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን በዘመድ አልባነት ተቀጠርኩ። ቤቴ ገብቼ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ጸሎቴን አደረስኩና ተኛሁ።

ሥራው ይህ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ «የምርምር ሐሳብ ያላችሁ አቅርቡ» የሚል ጥሪ እናወጣለን። መምህራኑ ፕሮፖዛላቸውን ያስገባሉ። እኔ ለእያንዳንዱ ቁጥር እሰጣለሁ፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ስሙን አጠፋለሁ። ቀላል ይመስላል። የፊት ገጹን መሸፈን ማንም ይችላል፤ ስሙ ግን እንደ ውሃ በየስንጥቁ ይወጣል። አንዱ መካከል ላይ «ቀደም ሲል ባደረግሁት ጥናት» ብሎ ራሱን ይጠቅሳል። ሌላው መጨረሻ ላይ ሚስቱን ያመሰግናል። ኮምፒውተሩ ራሱ በፋይሉ ሆድ ውስጥ የጸሐፊውን ስም ይዞ ይቀመጣል፤ ያን ፈልጎ ማውጣት የተማርኩት በብዙ ልፋት ነው። ፎቶግራፍም አለ። መምህሩ ከበጎች ጋር ቆሞ ይነሣል፤ ፊቱን በነጭ ስሸፍነው በግ የሚጠብቅ ሣጥን ይመስላል።

ስም የሌለውን ወረቀት ከአንጋፋ መምህራንና ከኮሚቴው አባላት መካከል ለሁለት ገምጋሚዎች እንልካለን። ነጥብ ይመጣል፣ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ያለፈው ገንዘቡን ያገኛል። ገንዘቡን ያገኘ መምህር ምርምሩን ይሠራል፣ ያሳትማል፣ ማዕረጉ ያድጋል፣ ሰኔ ላይ በዕውቅናው ቀን ስሙ ይጠራል። ዓመቱን ሙሉ የሸፈንነውን ስም በማይክራፎን የምንጠራበት ቀን ነው። ገንዘቡን ያላገኘው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ያጨበጭባል።

አቶ ደመላሽ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። በግምገማው ሳምንታት መምህራን ክበብ አይገቡም። ምሳቸውን ከቤት ይዘው መጥተው በራቸውን ዘግተው ይበላሉ። መምህር ቤት ግብዣ አይሄዱም፤ ለቅሶ ግን አይቀሩም፤ «ለቅሶ ላይ ማንም ለማንም አያዳላም» ይላሉ። አንድን ፕሮፖዛል ሁለት ጊዜ ያነቡታል፤ አንዴ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ፣ አንዴ ከምሳ በኋላ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የራበው ሰው ይጨክናል፤ የጠገበ ያዝናል» አሉኝ። «ትክክሉ በመካከል ነው።»

«በጾም ወቅትስ?»

ትንሽ አሰቡና «በጾም ሦስት ጊዜ አነባለሁ» አሉ። እየቀለዱ ይሁን አይሁን ፊታቸው አይናገርም።

እኚህ ሰው የወደቁበትን ነገር ልጽፍ ነው፤ ክፉ ሠርተው አይደለም። መምህር ታደለ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነበረን። የሊማሊሞ ቁልቁለት በጎች በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ለምን እንደሚያልቁ ላጥና ብሎ አቀረበ። እኔ እንኳ ሳነበው አንጀቴን በላኝ። ስሙን ሸፈንኩ። አንደኛው ገምጋሚ ጥሩ ነጥብ ሰጠው፤ ሁለተኛው ቀነሰበትና በጥቂቱ ወደቀ። እኛ ነጥብ ነው ያየነው፤ ታደለ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሄደ።

ከወራት በኋላ አንድ ተዝካር ላይ ሁለተኛው ገምጋሚ ከአቶ ደመላሽ አጠገብ ተቀመጠ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰውዬው እንደ ደግ ሥራ አድርጎ አወራው።

«የታደለን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስሙ ቢሸፈንም በጉ ታየኝ፤ እዚህ አገር በጉን እንዲህ የሚከተል ሌላ ማን አለ? አበልጄ ስለሆነ እንዳላዳላለት ብዬ ያለ ወትሮዬ ጠበቅሁበት።»

አቶ ደመላሽ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት። ገምጋሚ ሁሉ የሚፈርመው የጥቅም ግጭት ቅጽ አለን፤ የሥጋ ዘመድነት፣ ጋብቻ፣ የንግድ ሽርክና ይጠይቃል። አበልጅነትን አይጠይቅም። ቅጹ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ እዚያ አበልጅ የለም ይሆናል።

በማግስቱ ታደለን ጠርተው እውነቱን ነገሩት። ሥራውን ለቆ ሊሄድ ዕቃውን እያሰረ ነበር።

«ጠላቴ ገምግሞኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አላቸው። «ጠላቴ ቢያንስ ሰው አዛባ ይለኛል ብሎ ይፈራል።»

ታደለ ሄደ። ዛሬ ጎንደር የእንስሳት መድኃኒት ይሸጣል ይባላል። አቶ ደመላሽ ከዚያ ወዲህ ለገምጋሚ ወረቀት ከመስጠታቸው በፊት በቃላቸው «አበልጅስ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ሰውዬው «የማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልንገርዎ?» ሲላቸው «ካነበብከው በኋላ ከታወቀህ መልሰው» ይላሉ። የሚመልስ ነበር፤ የማይመልስም ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ፤ እስከ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። አበልጅ ለአበልጁ ያዳላል ብለን ስንፈራ እሱ ከሌላው ሁሉ በላይ ጨከነበት። ታዲያ የምንከለክለው ፍቅሩን ነው ወይስ ፍርሃቱን?

አቶ ደመላሽ ጡረታ ወጥተው ደባት ገቡ። በእሳቸው ቦታ ዶክተር ሄኖክ መጣ፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ቅጽ የሚያከብር። «ቅጹ ላይ የሌለ ነገር አንጠይቅም» አለ። እሱ ባይጠይቅም እኔ በልቤ እጠይቅ ነበር።

ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። መምህርት ማስተዋል ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ተከራይታ ትኖር ነበር። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሰብል መምህርት ናት፤ ባለቤቷ ጃናሞራ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። የእሷ ነገር ድንች ነው። የጃናሞራ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠው ድንች ጨለማ ጎተራ ውስጥ ይበሰብስበታል፤ ክረምት ሲገባ የሚተክለው ያጣል። በእንጨት ርብራብ የሚሠራ፣ ብርሃንና አየር የሚያስገባ ማቆያ በየቀበሌው ሠርታ ለማወዳደር ነው የምትፈልገው። ሁለት ዓመት አቅርባ ሁለቱንም ጊዜ ወድቃለች። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ለሦስተኛ ጊዜ አቀረበች። እርጉዝ ሆና ነው የጻፈችው፤ መጋቢት ላይ ሴት ልጅ ወለደች።

አጥሚት ይዤላት እገባለሁ፣ ሕፃኗን እይዛለሁ፣ ስለ ድንቹ ግን አንድም ቀን አናነሣም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ጉርብትናን ቅጹ አይጠይቅም፤ አቶ ደመላሽም አይጠይቁም ነበር። ጎረቤት በኪራይ ይለወጣል።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ሕፃኗን አጥባ ጠቅልላ ሰጠችኝና እጇን እየጠረገች «እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው፤ እምቢ እንዳይሉኝ» አለች።

«ምንድን ነው?»

«ሰማንያ ቀኗ ሰኔ መግቢያ ላይ ይሞላል። ክርስትና ያንሡልኝ።»

በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደባርቅ ላይ አንድ ሰው ዘመዴ ሊሆን ነው። ሕፃኗ ጣቴን ይዛለች። እኔም «እስቲ ጸልዬ ልንገርሽ» አልኩ።

«ለክርስትና ደግሞ ምን ጸሎት ያስፈልጋል? ሰው ለጋብቻ ነው የሚጸልየው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች።

የማስተዋል ፕሮፖዛል ቁጥር ተሰጥቶት እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ማስገቢያው ተራዝሞ ስለነበር ለገምጋሚ ገና አልሄደም። የትኛው ገምጋሚ ጨካኝ፣ የትኛው ለስላሳ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማከፋፈሉም የእኔ ነው። ሕፃኗን ካነሣሁ በኋላ እጄ ወደ ለስላሳው ቢሄድ ማዳላት ነው። እንዳላዳላ ብዬ ወደ ጨካኙ ብሰድደው ታደለን ያስወጣንበት መንገድ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ባነሣ ደግሞ ዓይኔን የጨፈንኩት ለእሷ ብዬ ነው። ሦስቱም ያው ሆነብኝ።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«ሕፃኗ ፕሮፖዛል አቅርባለች?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፤ እናቷ ናት።»

«እንግዲያው ሕፃኗን አንሺ፤ የእናቷን ነገር ለእግዚአብሔር ተይው። እኔ በዕድሜዬ ክርስትና እምቢ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

ዶክተር ሄኖክን ጠየቅኩት። «ቅጹን ያውቁታል እትዬ። ክርስትና የለበትም። ያንሡ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። ሥራውን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ለመንኩት። «ለማን? ቁጥሩንና ስሙን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አሁን ሰው ብቀይር ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሰኔ ሲያልቅ ያልተመደበ ገንዘብ ተመላሽ እንደሚሆን ያውቃሉ።»

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ደባት ወረድኩ። አቶ ደመላሽ ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔንም ይለምኑኝ ነበር» አሉ። «ከዚህ ወንበር ሳልነሣ ክርስትና አላነሣም ብዬ እምቢ አልሁ። መጀመሪያ ተቀየሙኝ። ቀጥለው ለመዱት። ኋላ መለመኑንም ተዉት።»

«ተጸጽተዋል?»

«ያን ጊዜ ትክክል ነበርሁ። ዛሬም ትክክል ነኝ።» መንገዱን አዩ። «ትክክለኛ ሰው ቤት ግን በዓል ቀን ማን ይመጣል?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«እንደኔ አድርጊ እንዳልልሽ አንቺ ታሳዝኚኛለሽ። አታድርጊ እንዳልልሽ የኖርሁበት ሥራ ያሳዝነኛል።» ከዚያ ተነሥተው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። በመንገድ ላይ ስለ ነፋሱ ብቻ ነው ያወራነው። የሄድኩት መልስ ፍለጋ ነበር፤ ይዤ የተመለስኩት ግን የእሳቸውን ጥያቄ ደርቤ ነው።

ፕሮፖዛሎቹ ከመከፋፈላቸው በፊት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ፤ ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ያን ዕለት ቆምኩ። «ካቀረቡት መምህራን የአንዷን ልጅ ክርስትና ላነሣ ነው። ማን እንደሆነች አልናገርም። ፕሮፖዛሎቹን ለገምጋሚ ማከፋፈል ግን አልችልም፤ ሌላ ሰው ያከፋፍለው» አልኩና ተቀመጥኩ።

ከኮሚቴው አንጋፋ የሆኑት የአፈር መምህር ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ።

«እሷ ወረቀት ስለምታከፋፍል ብቻ ይህን ካለች፣ ነጥብ የምሰጠው እኔ ምን ልበል? ካቀረቡት ውስጥ ሁለቱ አበልጆቼ ናቸው።»

«ሁለት ብቻ?» አለ ከጎናቸው ያለው መምህር። «ሦስተኛው ተቀይሞዎታል ማለት ነው።»

«ሦስተኛው ያንተ አበልጅ ነው፤ እኔ የበላሁት ድግሱን ብቻ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሌላው ተናገረ፣ ቀጥሎ ሌላው። አንዱ የአንዱን ልጅ፣ ያኛው የዚህኛውን ልጅ አንሥቷል። ሁሉም ከሁሉም ጋር በጥምቀት ውሃ ተያይዟል። ዶክተር ሄኖክ ማስታወሻ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ መሐል ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም ሊገመግም አይችልም ማለት ነው?»

«እርስዎስ ዶክተር?» አሉ አንጋፋው። «ባለፈው ጥር...»

«አውቃለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። ለእሱም የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣለት ከአመልካቾቹ አንዱ ነበር።

«ሩቅ ይላክ» አለ አንዱ። «አበልጅ የሌለን የት ነው? እትዬ ጥሩወርቅ አገር።» እንደ ቀልድ የተባለው ተወሰነ፤ የእኔ አገር እንኳ ባይሆን በርቀት የሚስተካከለው አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲገመግምልን ደብዳቤ ተጻፈ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ቀለል አለኝ፤ ሸክሙ ከእኔ ወርዶ ሩቅ ሄደ አልኩ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሕፃኗን አነሣኋት። ከውሃው ስትወጣ በነጭ ልብስ ተቀበልኳት፤ ጸሎተ ሃይማኖት ስደግም ድምፄ ተቆረጠና ዲያቆኑ ጨረሰልኝ። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ሆነ። ከግቢው ስንወጣ አንዲት የማላውቃት ሴት «የክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት?» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ሌላውን ልጽፈው አልችልም።

ሩቅ የላክነው ግምገማ ግን ሰኔ አልቆ አልመጣም። እነሱም ሥራ አላቸው፤ እኛ ነን ዘግይተን የላክነው። የዓመቱ የምርምር ገንዘብ ሳይመደብ ተመለሰ። የማስተዋል ብቻ ሳይሆን የሁሉም። በዚያ ዓመት በዕውቅናው ቀን በምርምር ዘርፍ ያለፉት ዓመታት ሥራ ብቻ ተጠራ። መምህራን ክበብ ስገባ «ጻድቋ መጣች፤ ስኳሩን ሸፍኑት፣ ስም ይኖርበታል» ሲሉ ሰማሁ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ማስተዋል ሕፃኗን አዝላ ቤቴ በር ላይ ቆመች። አልገባችም።

«አበልጄ ባይሆኑ ኖሮ ዛሬ እሰድብዎ ነበር።»

«ስደቢኝ።»

«አይቻልም። አበልጅ አይሰደብም።» ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እንዳልሰድብዎ ነው አስቀድመው ልጄን ያነሡልኝ?»

ለእሷ ብዬ ይመስለኝ ነበር። ለሕፃኗ ብዬ፣ ለሥራዬ ብዬ፣ ለነፍሴ ብዬ። ያን ዕለት ለማን ብዬ እንደሆነ ጠፋብኝ። ክረምቱ ገባ፤ ባለቤቷ ከጃናሞራ ድንቹ ዘንድሮም በሰበሰ ብሎ ላከ። ማስተዋል እሑድ እሑድ ሕፃኗን አምጥታ ታስታቅፈኛለች፤ ሥርዓቱን አላጓደለችም። እኔን ግን ቀና ብላ አታየኝም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ግምገማው ሁሉ ከመጀመሪያው ሩቅ እንዲሄድ ተደረገ። ቁጥር የሚሰጠውም ኮምፒውተር ሆነ። እኔ በመካከሉ ዕድሜዬ ሞላና ወጣሁ፤ የግድግዳ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። የማስተዋልን ውጤት እንደማንኛውም ሰው በኋላ ነው የሰማሁት። ለአራተኛ ጊዜ ያቀረበችውም ወድቋል። ሩቅ ያሉ፣ የማያውቋት፣ በጉንም ድንቹንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው የጣሉት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳለ፣ መጣች። ሕፃኗ መራመድ ጀምራለች። ማስተዋል ገብታ ተቀመጠች፤ ከዓመት በኋላ ሙሉ ዓይኗን አየሁት።

«ይሄኛው ንጹሕ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ እስከማውቀው ንጹሕ ነው።»

«ማንም አላዳላብኝም፣ ማንም አልፈራልኝም?»

«ማንም።»

«እሺ።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። «እንግዲያው ጥፋቱ ከወረቀቱ ነው።» ከቦርሳዋ አወጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ስሟ የፊት ገጹ ላይ በትልቁ ተጽፏል። «አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የሚከለክልዎ የለም። ያንብቡልኝ።»

እጄን መዘርጋት ፈራሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስንቱን ፕሮፖዛል አንብቤአለሁ፤ ለጻፈው ሰው አንድም ቃል ተናግሬ አላውቅም። የእሷንም ሦስቱን ጊዜ ስሟን ስሸፍን አንብቤዋለሁ። በየጊዜው አንድ ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር፤ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ ታይፒስት ነኝ። ዝም ማለት ሥራዬ ነበርና ዝም አልኩ። አሁን ምን እንደሚፈቀድልኝ የምጠይቀው አለቃም የለኝም። ሕፃኗ ወረቀቱን ልትቀድ እጇን ስትሰድ አነሣሁትና መነጽሬን አደረግኩ። እስኪያልቅ አነበብኩት። እሷ በመስኮት ታያለች።

«ማስተዋል» አልኩ።

«አቤት።»

«ድንቹ የሚመጣው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ዓለም ምግብ ዋስትና ነው የጻፍሽው። የጃናሞራው ገበሬ ጎተራውን ከፍቶ የበሰበሰውን የሚያገኝበት ቦታ መጀመሪያ ቢሆን ኖሮ... አላውቅም። እኔ እንደዚያ መሰለኝ።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አራተኛውን ገጽ ገልጣ አየችው። ወደ መጀመሪያው መለሰች፣ እንደገና ወደ አራተኛው። ከዚያ ቀና ብላ፣ በቁጣ ሳይሆን ግራ በገባው ድምፅ፣

«ይህን የሚያውቁት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው ዓመት» አልኩ።

ወለተ ማርያም በመካከላችን ቆማ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ታያለች።